የምስክር ወረቀት ያላገኘው መምህር፤ የግሬጎር ሜንዴል ሕይወትና ሥራ

አባቶቻችን ዘር ከልጓም ይስባል ሲሉ ይተርታሉ። አንዳንዱ ይህን ተረት ለዘመድ ስለማድላት ይጠቅሰዋል፤ ሌላው ደግሞ ልጅ ምንም ቢማር፥ ምንም ቢታረም ከወላጁ ጠባይ አይወጣም ለማለት ይጠቀምበታል። ልጓሙን በእጁ የያዘው መምህር ነውና፥ ይህን ሁለተኛውን ትርጉም ሲሰማ ዝም ብሎ ሊያልፈው አይገባውም። ዘር በእውነት የሚስበው እንዴት ነው? ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው ምንድር ነው? በአባትና በእናት ያልታየ ጠባይ በልጅ ላይ ብቅ የሚለውስ ከየት መጥቶ ነው?

ለእነዚህ ጥያቄዎች የመጀመሪያውን እርግጠኛ መልስ ያገኘው ሰው ስመ ጥር ፕሮፌሰር ወይም የቤተ መንግሥት ሊቅ አልነበረም። እንደ እኛ ጠመኔ ይዞ ከሰሌዳ ፊት የቆመ የትምህርት ቤት መምህር ነበረ፤ ያውም የመምህርነቱን ፈተና ሁለት ጊዜ ሞክሮ የምስክር ወረቀት ያላገኘ መምህር። ስሙም ግሬጎር ሜንዴል ይባላል። በዚህ በመምህራን ማኅበር የመታሰቢያ መጽሐፍ ውስጥ የእርሱን ታሪክ ማቅረብ ተገቢ መስሎ የታየኝ ስለዚህ ነው። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ እንዲረዳልኝ እለምናለሁ።

ልደቱና አስተዳደጉ

ሜንዴል በ1822 ዓ/ም በሐምሌ ወር ሃይንትሰንዶርፍ በምትባል ትንሽ የገበሬዎች መንደር ተወለደ። መንደሪቱ በዚያን ጊዜ በኦስትርያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ውስጥ ነበረች፤ ዛሬ ሂንቺጼ ተብላ በቼክ ሪፑብሊክ ትገኛለች። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ዮሐን ነበረ፤ ግሬጎር የተባለው በኋላ ሲመነኩስ ነው። አባቱ አንቶን የራሱን እርሻ ከማረሱ ሌላ ለባለርስቱ ያለ ዋጋ የመሥራት ግዴታ ያለበት ገበሬ ነበረ። ይሁን እንጂ የፍራፍሬ ዛፍ መትከልና ማዳቀል የሚወድ ሰው ስለ ነበረ፥ ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በአትክልት መካከል አደገ። በመንደሩ ትምህርት ቤትም ከንባብና ከቁጥር ጋር የፍራፍሬ አተካከልና የንብ እርባታ ይማሩ ነበረ።

የዚህ ትምህርት ቤት መምህር ቶማስ ማኪታ የልጁን አእምሮ ቀድሞ ያስተዋለ ሰው ነው። ይህ የመንደር መምህር ዝም ቢል ኖሮ፥ ያ ልጅ እንደ አባቱ ማረሻ ጨብጦ ይቀር ነበር። ወላጆቹ ምክሩን ተቀብለው ልጃቸውን ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ላኩት፤ በ1834 ዓ/ም የ12 ዓመት ልጅ ሳለ ትሮፓው ወደምትባለው ከተማ ሄዶ ገባ። ለምግቡ ግን ሙሉ ዋጋ መክፈል አልቻሉም። ጎረቤት ወደ ከተማ ሲወርድ ከቤት የሚላክለትን ዳቦና ቅቤ እየጠበቀ፥ ብዙ ጊዜም ሳይጠግብ እያደረ ተማረ።

በ1838 ዓ/ም አባቱ ለባለርስቱ በግዴታ ሲሠራ ግንድ ወድቆበት ደረቱ ተጎዳ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው መሥራት አልቻለም። የ16 ዓመቱ ተማሪ ሌሎች ልጆችን በክፍያ እያስጠና ራሱን ለማስተዳደር ተገደደ። ድካሙና ጭንቀቱ ሲበዛበት በየጊዜው ይታመም ጀመር። የፍልስፍና ትምህርቱን በኦልሚትስ ከተማ ለመቀጠል ገንዘብ ባጣ ጊዜ፥ ታናሽ እኅቱ ቴሬዝያ ለጋብቻዋ ከተመደበላት ገንዘብ ከፍላ ሰጠችው። ሜንዴል ይህን ውለታ አልረሳም፤ ኋላ ሲደላው የእኅቱን ልጆች በገንዘቡ አስተማረ፤ ከእነርሱም ሁለቱ ሐኪሞች ሆኑ።

ገዳሙና ፈተናው

በ1843 ዓ/ም የፊዚክስ መምህሩ ባቀረበለት ድጋፍ በብሩን ከተማ፥ ዛሬ ብርኖ በምትባለው፥ ወደሚገኘው የቅዱስ ቶማስ ገዳም ገባ። ወደዚያ የወሰደው የኑሮ ችግር ጭምር እንደ ነበረ ራሱ አልሸሸገም። ገዳሙ ግን ከጸሎት ቤትነቱ ሌላ የእውቀት ቤት ነበረ፤ መነኮሳቱ በከተማው ትምህርት ቤቶች ያስተምሩ፥ ሳይንስና ሙዚቃም ያጠኑ ነበር። አበ ምኔቱ ኪሪል ናፕ ስለ ግብርና ብዙ የሚያስብ ሰው ነበረ። በአውራጃው የበግ አርቢዎች የተሻለ ፀጉር ያለው በግ እንዴት እንደሚገኝ ሲከራከሩ፥ ናፕ በ1837 ዓ/ም ዋናው ጥያቄ የሚወረሰው ምንድር ነው፥ የሚወረሰውስ እንዴት ነው የሚል መሆኑን አሳስቦ ነበር። ይህን ጥያቄ ያቀረበ አለቃ፥ መልሱን የሚያገኘውን መነኩሴ ከስድስት ዓመት በኋላ ተቀበለ።

ሜንዴል በ1847 ዓ/ም ቅስና ተቀበለ። ነገር ግን በሕመምተኞች አልጋ አጠገብ መቆም ልቡን እጅግ እየረበሸው ራሱ ታመመ። ናፕ ይህን ተመልክቶ በ1849 ዓ/ም ዝናይም በምትባል ከተማ ምትክ መምህር ሆኖ እንዲያስተምር ላከው። እዚያም ሥራው ከተፈጥሮው ጋር የተስማማ መሆኑ ወዲያው ታወቀ፤ ተማሪዎቹና የሥራ ባልደረቦቹ ወደዱት።

ቋሚ መምህር ለመሆን ግን በቪየና የሚሰጠውን ፈተና ማለፍ ነበረበት። በ1850 ዓ/ም ተፈተነ፤ ወደቀም። በፊዚክስና በአየር ጠባይ የሰጠው መልስ ተቀባይነት ሲያገኝ፥ በጂኦሎጂና በእንስሳት አመዳደብ የጻፈው ፈታኞቹን አላረካም። የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ሳይረግጥ ከመጽሐፍ ብቻ ለብቻው ያጠና ሰው ነበረና፥ ይህ ሊያስደንቅ አይገባም። ደግነቱ ግን ከፈታኞቹ አንዱ ጉድለቱ የትምህርት እንጂ የአእምሮ አለመሆኑን ተረድቶ፥ ወደ ዩኒቨርሲቲ ቢላክ እንደሚሻል መከረ። ናፕም ምክሩን ተቀበለ። የወደቀ ተማሪ ለምን እንደ ወደቀ የሚጠይቅ ፈታኝ ለአገር ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ እንረዳለን።

ከ1851 እስከ 1853 ዓ/ም ሜንዴል በቪየና ዩኒቨርሲቲ ተማረ። ፊዚክስን ከስመ ጥሩው ክርስትያን ዶፕለር፥ ሒሳባዊ ፊዚክስን ከአንድሬያስ ፎን ኤቲንግስሃውዘን፥ የዕፀዋትን ትምህርት ከፍራንስ ኡንገር ቀሰመ። ከፊዚክስ መምህራኑ ተፈጥሮን በቁጥር መመርመርን፥ ከኡንገርም ዕፀዋት በዘመናት መለዋወጣቸውን ተማረ። የዕፀዋት ሊቃውንት ቁጥር አይወዱም፥ የቁጥር ሊቃውንትም አትክልት አይኮተኩቱም ነበር፤ በሜንዴል ዘንድ ሁለቱ ተገናኙ።

በ1854 ዓ/ም ወደ ብሩን ተመልሶ በከተማው ትምህርት ቤት ፊዚክስና የተፈጥሮ ታሪክ ማስተማር ጀመረ። በ1856 ዓ/ም እንደ ገና ለመፈተን ወደ ቪየና ሄደ፤ ነገር ግን በፈተናው ጊዜ ታሞ የምስክር ወረቀቱን ሳያገኝ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ዳግመኛ አልሞከረም። እስከ 1868 ዓ/ም ድረስ አሥራ አራት ዓመት ያህል ያስተማረው በምትክ መምህርነት ማዕረግ ነው። ታላቅ ሙከራውን የጀመረውም በዚያው ፈተናው ባልቀናበት ዓመት ነበረ።

የአተሩ ሙከራ

በዚያን ዘመን ብዙዎቹ ሊቃውንት ውርስን እንደ ቡናና ወተት ድብልቅ ይቆጥሩት ነበር። የአባትና የእናት ጠባይ ተቀላቅሎ መካከለኛ ይሆናል፥ አንድ ጊዜ ከተቀላቀለም በኋላ አይለያይም ባዮች ነበሩ። ነገር ግን ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ፥ ከጥቂት ትውልድ በኋላ ሰው ሁሉ አንድ መልክ፥ ከብቱም ሁሉ አንድ ቀለም በሆነ ነበር።

ሜንዴል ለምርመራው አተርን መረጠ። አተር ዋጋው ርካሽ፥ እድገቱ ፈጣን ነው፤ ልዩነቱም በዓይን በግልጽ ይታያል። ከሁሉ በላይ የአተር አበባ ተዘግቶ ሳለ ራሱን በራሱ ስለሚያዳብር፥ ባዕድ ብናኝ በነፋስ ወይም በንብ ገብቶ ምርመራውን አያበላሽበትም። ከዘር ሻጮች 34 ዓይነት አተር ሰብስቦ ሁለት ዓመት ሙሉ ዘርቶ ጠባያቸው የማይለዋወጥ መሆኑን አረጋገጠ። ከእነርሱም 22ቱን ለሥራው አስቀረ። በገዳሙ ግቢ የተሰጠው መሬት ርዝመቱ 35 ሜትር፥ ወርዱ 7 ሜትር ያህል ብቻ ነበረ።

ቀጥሎ የሚመረመሩትን ጠባዮች ወደ ሰባት ወሰነ። እነርሱም የፍሬው ቅርጽ ድብልብል ወይም የተጨማደደ መሆኑ፥ የፍሬው ቀለም ቢጫ ወይም አረንጓዴ መሆኑ፥ የተክሉ ቁመት ረጅም ወይም አጭር መሆኑና ሌሎች አራት ናቸው። ተክሉን በጠቅላላ ከማየት ይልቅ አንዱን ጠባይ ለይቶ መከታተሉ የሥራው መሠረት ነው። ከዚያም እምቡጡን ገና ሳይፈነዳ ከፍቶ ወንዴዎቹን በወረንጦ ይነቅላል፤ ከሌላው ዓይነት የመጣውን ብናኝ በሴቴው ላይ ያደርጋል፤ አበባውንም በትንሽ ከረጢት ይሸፍናል። ይህን ሥራ እያስተማረ ከ1856 እስከ 1863 ዓ/ም ቀጠለ። በዚህም ጊዜ ውስጥ ወደ 28,000 የሚጠጉ ተክሎችን አሳደገ።

ውጤቱ ምን ሆነ? ድብልብሉን ከተጨማደደው ጋር ባዳቀለ ጊዜ፥ የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉ ድብልብል ሆነ። መካከለኛ አልታየም፤ የተጨማደደውም የጠፋ መሰለ። ሜንዴል ግን በዚህ አልቆመም። እነዚህን ድቅሎች ራሳቸውን በራሳቸው እንዲያዳብሩ ትቶ፥ በሁለተኛው ትውልድ የተገኘውን ፍሬ አንድ በአንድ ቆጠረ። ከ7,324 ፍሬዎች ውስጥ 5,474ቱ ድብልብል፥ 1,850ዎቹ የተጨማደዱ ሆኑ። በቀለምም በኩል ከ8,023 ፍሬዎች 6,022ቱ ቢጫ፥ 2,001ዱ አረንጓዴ ሆኑ። በሰባቱም ጠባዮች ሒሳቡ ያው ነበረ፤ ሦስት እጅ ለአንድ እጅ። ጠፋ የተባለው ጠባይ ተሰውሮ ቆይቶ ኖሮ፥ መልኩ ሳይደበዝዝ ከነሙሉ ጠባዩ ተመለሰ።

ሜንዴል ከዚህ የደረሰበት አሳብ ይህ ነው። እያንዳንዱ ተክል ለእያንዳንዱ ጠባይ ሁለት የውርስ ቅንጣት አለው፤ አንዱ ከአባት፥ አንዱ ከእናት የመጣ ነው። ሁለቱ አይቀላቀሉም፤ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ተክሉ በተራው ዘር ሲሰጥ ሁለቱ ይለያዩና ለአንድ ልጅ አንዳቸው ብቻ ይደርሳል፤ የትኛው እንደሚደርስም እንደ ዕጣ ነው። ሁለቱ በአንድ አካል ሲገናኙ አንዱ ገናና ሆኖ ይታያል፥ ሌላው ስውር ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ ድቅሎቹ ሲዳበሩ አራት ዓይነት መገናኘት አለ፤ ድብልብል ከድብልብል፥ ድብልብል ከተጨማደደ፥ የተጨማደደ ከድብልብል፥ የተጨማደደ ከተጨማደደ። ሦስቱ ሲታዩ ድብልብል ናቸው፤ የመጨረሻው ብቻ የተጨማደደ ይሆናል።

አሳቡ እውነት ከሆነ፥ በመልክ አንድ የሚመስሉት ድብልብሎች በውስጣቸው ሁለት ዓይነት መሆን አለባቸው። ይህንንም ፈተነው። ከድብልብሎቹ ፍሬዎች 565 ተክል አሳደገ፤ ከእነርሱም 193ቱ ድብልብል ብቻ ሲሰጡ፥ 372ቱ ግን ድብልብልም የተጨማደደም ሰጡ። ይህም አስቀድሞ እንደ ታሰበው አንድ ለሁለት ያህል ነው። ሁለት ጠባዮችን በአንድነት በተከታተለ ጊዜ ደግሞ ከ556 ፍሬዎች 315ቱ ድብልብልና ቢጫ፥ 108ቱ ድብልብልና አረንጓዴ፥ 101ዱ የተጨማደዱና ቢጫ፥ 32ቱ የተጨማደዱና አረንጓዴ ሆኑ። ቅርጹና ቀለሙ አንዱ ሌላውን ሳይጎትት ለየብቻቸው ይወረሱ ነበር ማለት ነው። ይህ ሁለተኛው ሕግ ለሁሉ ጠባይ እንደማይሠራ፥ አንዳንድ ቅንጣቶችም ተጎዳኝተው እንደሚወረሱ በኋላ ዘመን ታውቋል።

ያልተሰማ ንግግር

ሜንዴል ይህን ሁሉ አጠናቆ በ1865 ዓ/ም በየካቲትና በመጋቢት ወር፥ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት አዳራሽ፥ ለብሩን የተፈጥሮ ሳይንስ ማኅበር በሁለት ምሽት አቀረበ። ያዳመጡት ሰዎች አርባ ያህል ነበሩ። ጽሑፉ በሚቀጥለው ዓመት በማኅበሩ መጽሔት ታተመና በኤውሮፓና በአሜሪካ ወደሚገኙ ከመቶ በላይ ቤተ መጻሕፍትና ማኅበራት ተላከ። እርሱም 40 ቅጂ ተቀብሎ ለታወቁ ሊቃውንት አደለ። ነገር ግን የጽሑፉን ቁም ነገር የተረዳ አልተገኘም። ስለ ውርስ ሲጨነቅ የኖረው እንግሊዛዊው ቻርልስ ዳርዊን እንኳ ይህን ሥራ ሳያውቅ በ1882 ዓ/ም ሞተ።

ከሊቃውንቱ አንዱ፥ በሙኒክ የነበረው ፕሮፌሰር ካርል ኔጌሊ፥ መልስ ጻፈለት፤ ነገር ግን አሳቡን ተጠራጠረ። የራሱ ምርመራ ሂራኪየም በተባለ ቢጫ አበባ ባለው የዱር ተክል ላይ ስለ ነበረ፥ ሜንዴልም በዚያው ላይ እንዲሠራ ገፋፋው። ሜንዴል በትንንሾቹ አበቦች ላይ ዓይኑ እስኪታመም ድረስ ብዙ ዓመት ደከመ፤ የአተሩን ሒሳብ ግን ሊያገኝ አልቻለም። ምክንያቱ የታወቀው ከሞተ በኋላ ነው። ያ ተክል ብዙውን ጊዜ ያለ ወንዴ ብናኝ ዘር ስለሚያፈራ፥ ልጆቹ እናታቸውን ብቻ ይመስላሉ።

ናፕ ከሞተ በኋላ በ1868 ዓ/ም መነኮሳቱ ሜንዴልን አበ ምኔት አድርገው መረጡት። ከዚያ በኋላ ማስተማሩን ተወ፤ ምርመራውም በአስተዳደር ሥራ ተጣበበ። ሆኖም ንብ ማርባቱንና የአየሩን ሁኔታ በየቀኑ መመዝገቡን አላቋረጠም። በ1870 ዓ/ም በብሩን ላይ ስለ ተነሣው ብርቱ ዐውሎ ነፋስም የተጣራ መግለጫ ጽፏል። በ1874 ዓ/ም መንግሥት በገዳማት ላይ አዲስ ክፍያ በጣለ ጊዜ፥ ሕጉ ትክክል አይደለም ብሎ እምቢ አለ፤ በዚህም ክርክር እስከ ሞቱ ድረስ ተጨነቀ። በ1884 ዓ/ም በጥር ወር መጀመሪያ በኩላሊት በሽታ በ61 ዓመቱ ዐረፈ። በቀብሩ ጸሎት ላይ ሙዚቃውን የመራው በኋላ በዓለም የታወቀው ሌኦሽ ያናቼክ ነበረ። ለቀብሩ የመጣው ሕዝብ ደግ አባት፥ ድኾችን የሚረዳ ሰው መሞቱን ያውቅ ነበር፤ ታላቅ ሊቅ መሞቱን ግን የሚያውቅ አልነበረም። የግል ወረቀቶቹም አብዛኞቹ ተቃጠሉ።

ከሞት በኋላ የመጣ ዝና

ጽሑፉ 34 ዓመት ተረስቶ ከቆየ በኋላ፥ በ1900 ዓ/ም ጸደይ ሦስት ሊቃውንት በየአገራቸው ስሙን አነሡ፤ እነርሱም ሆላንዳዊው ሁጎ ደ ፍሪስ፥ ጀርመናዊው ካርል ኮሬንስና ኦስትርያዊው ኤሪክ ፎን ቸርማክ ናቸው። ኮሬንስ የዚያው የኔጌሊ ተማሪ የነበረ ሰው ነው፤ መምህሩ ያላስተዋለውን ተማሪው አስተዋለ። በ1905 ዓ/ም እንግሊዛዊው ዊልያም ቤትሰን ለዚህ ትምህርት ጄኔቲክስ የሚል ስም አወጣለት፤ በ1909 ዓ/ም ዴንማርካዊው ዊልሄልም ዮሃንሰን የውርሱን ቅንጣት ጂን ብሎ ሰየመው። ከ1910 ዓ/ም ጀምሮ አሜሪካዊው ቶማስ ሞርጋን በዝንብ ላይ ባደረገው ምርመራ፥ ጂኖች ክሮሞዞም በሚባሉት የሕዋስ ክሮች ላይ ተደርድረው እንደሚገኙ አስረዳ። በ1953 ዓ/ም ደግሞ ጂኖች የተሠሩበት ዲ.ኤን.ኤ. የተባለው ነገር ቅርጹ ታወቀ።

በ1990 ዓ/ም የሜንዴል አተር ለምን እንደሚጨማደድ ሳይቀር ተገለጠ። ስታርች የሚያዘጋጀው አንዱ ጂን ስለ ተሰናከለ፥ ፍሬው ስኳር ያበዛል፤ ስኳሩ ውኃ ይስባል፤ ፍሬው ሲደርቅም ቆዳው ይጨማደዳል። የእንግሊዙ የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር በ1936 ዓ/ም የሜንዴል ቁጥሮች በዕድል ከሚጠበቀው ይልቅ ለሕጉ እጅግ የቀረቡ ናቸው ብሎ ክርክር አስነሥቶ ነበር። ይሁን እንጂ ሙከራው በብዙ አገር ተደግሞ ሕጉ እውነት መሆኑ ተረጋግጧል።

እውቀት ግን እንደ ያዡ ነውና፥ የሜንዴል ስም በክፉም ተነሥቷል። የሰውን ጠባይ ሁሉ እንደ አተር ቅርጽ የቆጠሩ ሰዎች፥ ደካማ ዘር ያሉትን ሕዝብ እንዳይወልድ የሚከለክል ሕግ አወጡ። በአሜሪካ የኢንዲያና ግዛት በ1907 ዓ/ም፥ የናዚ ጀርመን መንግሥት በ1933 ዓ/ም እንዲህ ያለ ሕግ ደነገጉ፤ በጀርመን ብቻ 400,000 የሚያህሉ ሰዎች መውለድ እንዳይችሉ ተደረጉ። በሶቭየት ኅብረት ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ፥ በ1948 ዓ/ም የሜንዴል ትምህርት እንደ ጠላት ትምህርት ተወገዘ። ከዚያ አስቀድሞ በ1927 ዓ/ም ወደ አገራችን መጥቶ የስንዴና የገብስ ዘር የሰበሰበው፥ ኢትዮጵያም ከዓለም የአዝርዕት ምንጮች አንዷ መሆኗን የመሰከረው ኒኮላይ ቫቪሎቭ፥ ይህን ትምህርት በመደገፉ ተከሶ በ1943 ዓ/ም በእስር ቤት ሞተ። ቫቪሎቭ ያስተዋለው ነገር በሜንዴል ሕግ ይተረጎማል፤ ገበሬዎቻችን ዘር ሳያጠፉ በማኖራቸው ብዙ ስውር ጠባይ ተጠብቋል። ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ አንድ ጂን በሌላ አገር ገብስን ከሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታ የሚከላከል ሆኗል። በአዲስ አበባም በ1976 ዓ/ም የአዝርዕትን ዘር የሚጠብቅ ማዕከል ተቋቁሟል።

ለመምህር የሚተርፈው

ከዚህ ሕይወትና ሥራ ለእኛ ለመምህራን የሚተርፈው ምንድር ነው? በመጀመሪያ ሕጉን በክፍል ውስጥ ያለ ላቦራቶሪ ማስተማር ይቻላል። በሁለት ከረጢት ውስጥ 50 ቀይና 50 ነጭ ቦሎቄ ይጨመር፤ አንዱ የአባት፥ አንዱ የእናት ይሁን። ተማሪው ሳያይ ከየከረጢቱ አንዳንድ ፍሬ አውጥቶ ይመዘግብና ይመልሳል፤ ቀዩ ገናና ነው እንበል። አንድ ተማሪ አሥር ጊዜ ቢያወጣ የሚያገኘው ቁጥር የተዘበራረቀ ይሆናል። የአርባ ተማሪዎች 400 ጊዜ ሲደመር ግን፥ ሁለቱም ነጭ የሆኑት ወደ 100፥ ቀይ ያለባቸው ወደ 300 ይጠጋሉ። ሕጉ በብዙኃኑ ይታያል እንጂ በአንዱ ላይ አስቀድሞ ሊፈረድ እንደማይቻል ተማሪው በእጁ ይማረዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህ የበለጠ ይከብዳል። በአገራችንና በጎረቤቶቻችን ከጥቁር ወላጆች ነጭ ቆዳና ነጭ ፀጉር ያለው ልጅ ሲወለድ፥ ሰው ወይ እናቲቱን ያማል፥ ወይ የእርግማን ምልክት ነው ይላል። በታንዛንያና በሌሎችም የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች እንዲህ ያሉ ሰዎች ስለ መልካቸው ተገድለዋል። ይህ አልቢኒዝም የተባለው ጠባይ ግን በአብዛኛው እንደ ተጨማደደው አተር በስውር የሚወረስ ነው። ስውሩ ቅንጣት በእናትም በአባትም ዘንድ፥ በማንኛቸውም ላይ ሳይታይ፥ ከቅድመ አያት ጀምሮ ተቀምጦ ነበር፤ ሁለቱ ሲገናኙ በእያንዳንዱ ወሊድ ከአራት አንድ ዕድል ይኖረዋል። እናቲቱ አልበደለችም፤ ልጁም እርግማን የለበትም። ይህን በመንደሩ ማስረዳት የሚችለው መምህሩ ነው። ልጁ ዓይኑ አጥርቶ ስለማያይ በፊት ወንበር እንዲቀመጥ፥ ቆዳው ስለሚጎዳም ከፀሐይ እንዲጠለል ማድረግ የሚገባውም ያው መምህር ነው።

ሦስተኛ፥ ከሜንዴል አልፈን እንዳንናገር መጠንቀቅ ይገባናል። ብዙ መጻሕፍት ምላስን እንደ ቱቦ መጠቅለል በአንድ ጂን የሚወረስ ነው ሲሉ ኖረዋል፤ ነገር ግን አንድ ዓይነት መንትዮች እንኳ በዚህ ሲለያዩ ተገኝተዋል። ቁመት በብዙ ጂኖችና በምግብ ጭምር ይወሰናል። ትምህርት የመቀበል ችሎታማ በብዙ ጂን፥ በእናት ጤንነት፥ በቤት ኑሮ፥ በመምህሩ ትጋትና በሌላም ብዙ ነገር የተሠራ ስለሆነ፥ እንደ አተር ቀለም ቆጥሮ የሚመድበው የለም። አባቱ ሰነፍ ነበርና ይህም አይረባም የሚል መምህር፥ በሜንዴል ሕግ ሳይሆን በራሱ ስንፍና ይፈርዳል። ልጅ ከወላጁ የሚቀበለው በዓይን የሚታየውን ብቻ አይደለምና፥ የወላጁን መልክ አይቶ የልጁን መጨረሻ መናገር አይቻልም።

ዘር ይስባል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን እንደ ገመድ አንድ ወጥ ሆኖ ሳይሆን፥ በየትውልዱ እየተፈታና እንደ ገና እየተሰናሰለ ነው። የተሰወረውም አልጠፋም። በሃይንትሰንዶርፍ ከአንድ ድኻ ገበሬ ልጅ ውስጥ የተሰወረውን አእምሮ ያየው የምርመራ መሣሪያ ሳይሆን የመንደር መምህር ዓይን ነበረ፤ በቪየናም ከወደቀ የፈተና ወረቀት በስተጀርባ የተሰወረውን ሊቅ ያየ አንድ ፈታኝ ነበረ። በየክፍላችን በፊታችን የሚቀመጡት ልጆች ምን ይዘው እንደ መጡ አስቀድመን አናውቅም፤ የእኛ ሥራ እንደ ሜንዴል ጊዜ ሰጥተን አንድ በአንድ መመልከት ነው።